የሚጡ ዓይን ሽቅብ የቀረበት ማታ

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የምንላት። ባለፈው ክረምት የደረሰብን ነገር ሌላ እናት ላይ በሌሊት ቢደርስ፣ አንዲት ቃል ይዛ ሆስፒታል እንድትገባ ብዬ ነው የምጽፈው። ቃሏ ፕላሲል ናት፣ የትውከት ማስታገሻ ክኒን።

ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ ገብቷል። የጎንደርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናቡ ከሰዓት ይጀምርና ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይሰማማም። እኛ ማራኪ ነው የምንኖረው። የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ስለነበር በጀሪካን እያስቀዳን ሰንብተናል። ከዚያ ይሁን ከሌላ እንጃ፣ ረቡዕ ጠዋት ሚጡ ማስመለስ ጀመረች። ተቅማጡም ተከተለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰባት ጊዜ አስመለሳት። ቆጥሬዋለሁ።

አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። መርፌ ተወጋችና ረገብ አለላት። ስንወጣ ክኒን ሰጡን። "ካስመለሳት ግማሽ ግማሽ እየሰበርሽ፣ በቀን እስከ ሦስቴ" አሉኝ። የመርፌው ስም ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የክኒኑንም ስም ልብ ብዬ ያነበብኩት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የኔ ነው። ማታ ግማሿን ሰጠኋት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አስመለሰች። ክኒኗ አብራ የወጣች መሰለኝና ሌላ ግማሽ ደገምኩ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና አስመለሳት። ያኔ አማቴ ተነሳች። እሷ የጨጓራ ሕመምተኛ ናት፣ ለሕክምና ከደባርቅ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ክኒኑን በስልክ መብራት አየችው። "ይቺማ የኔዋ ናት! እኔን ወዲያው ነው የምታሽለኝ። ግማሽ ምን ይሠራል? ሙሉ ስጫት እንጂ" አለችኝ። ሙሉ ሰጠኋት። ሐሙስ ጠዋት ትውከቱ ቆሞ ነበር። እኔ ግን እንዳይመለስባት ብዬ ጠዋት ግማሽ፣ ቀን ግማሽ ጨመርኩ። "ካስመለሳት" የተባልኩትን ረስቼዋለሁ።

ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አጥሚት ትንሽ ቀምሳ መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

"እማ፣ አንገቴን" አለችኝ።

ተኝታ ስለዋለች ነው ብዬ አሸት አሸት አደረግኩላት። ፊቷ ወደ ቀኝ ዞረ፣ አንድ ሰው ከበሩ የጠራት ነው የሚመስለው። በሁለት እጄ ይዤ መለስኩት። ስለቀው ተመልሶ ዞረ። ቀጥሎ ዓይኗ ሽቅብ ወጣ። ጥቁሩ ከሽፋሽፍቷ ሥር ገብቶ ነጩ ብቻ ቀረ። "ጣሪያው ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ዓይኔ አልወርድ አለኝ" አለች። ድምጿ ተኮላትፏል። ከዚያ ምላሷ ወጣ። ወጥቶ አልገባም አለ። ምራቋ በአገጯ ይወርዳል፣ ጀርባዋ እንደ ቀስት ወደ ኋላ ተለጠጠ።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። እንባዋ ይወርዳል። "ሚጡዬ፣ ጣቴን ጨብጪኝ" አልኳት። ጨበጠችኝ። "ትሰሚኛለሽ?" ስላት ደግማ ጨበጠችኝ። የሚጥል በሽታ ያለበት ዘመድ ስላለን ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ። እሱ ሲነሳበት ብትጠራውም አይሰማህም። እሷ ግን ሁሉንም ትሰማለች። ገላዋ እምቢ ብሏት እሷ ውስጡ ቁጭ ብላለች።

ጮኬ ነው መሰለኝ፣ ጎረቤት በዝናብ ተጠራርቶ ገባ። የጎን ቤቷ እማማ በሃይላንድ ጠርሙስ ጠበል ይዘው መጡ። "ዓይን ነው። ማክሰኞ ሹሩባ ተሠርታ ስትወጣ አይቻታለሁ፣ ሸፈን አድርጊያት ብዬሽ ነበር" አሉኝ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘ። ሌላው ጥርሷ መሐል ሊከት ማንኪያ አመጣ። ማንኪያውን ከእጁ ነጠቅኩት። ምላሷ እዚያው ውጭ ነው፣ ጥርሷ ደግሞ ሊገጥም ይታገላል። ማንኪያ ምን ሊሰብር እንደሚችል ለማሰብ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ጠበሉን ግን አልተቃወምኩም። እኔም አማትቤ ረጨኋት። ሰዎቹን አሁንም አላማቸውም፣ የሚያውቁትን ይዘው ነው የደረሱልኝ። ብቻ "እስኪለቃት እንጠብቅ" ያሉኝን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱ በሙሉ ያልፍ ነበር።

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ መሐል ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻታል። በዚያች ደቂቃ ልመታው ነበር። ኋላ ግን ያ ቪዲዮ ከኔ አፍ የተሻለ ተናገረ።

ባጃጅ አገኘን። ሚጡን ደረቴ ላይ አስደግፌ ነጠላዬን ጣል አደረግኩባት። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ አንገቷ ላላ። ዓይኗ ወረደ። ምላሷ ገባ። ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው በባትሪ አያትና "ደህና ናት እኮ" አለ። እውነቱን ነው፣ ደህና ትመስላለች። ልመለስ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ድንገተኛ ክፍል ወረፋ ላይ ሳለን ግን እንደገና ጀመራት፣ ካሁን በፊቱ ብሶ። ይህ ነገር እየመጣ እየሄደ ነው የሚይዘው። አንዳንድ ልጅ "እያስመሰለች ነው" የሚባለውም ለዚህ ነው አሉኝ። በተለይ ኮረዳ ከሆነች፣ ከቤተሰብ ተጣልታ ነው ይባላል።

ድንገተኛ ክፍል የጠየቁኝን ልንገራችሁ። ቁስል አላት ወይ? ክትባቷን ጨርሳለች ወይ? መንጋጋ ቆልፍን ጠርጥረው ነው። ትኩሳትና ራስ ምታትስ? አንገቷ ሲገተር ማጅራት ገትርም ይመስላል፣ ከወገቧ ፈሳሽ ስለመቅዳት ሁሉ ተነስቶ ነበር። ውሻ ነክሷት ያውቃል? ከዚህ በፊት ወድቃ ታውቃለች? ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። ስኳሯንም ለክተዋል። ከዚያ አንድ ልጅ እግር ሐኪም መጣ።

"እህቴ፣ ምን መድኃኒት ወስዳለች?"

"ምንም" አልኩት።

አልዋሸሁም እኮ። ለኔ መድኃኒት ማለት አንቲባዮቲክ ነው፣ የወባ ክኒን ነው። ያቺን ትንሽ ክኒን ከመድኃኒት አልቆጠርኳትም። እሱ ግን አልለቀቀኝም። "ተቅማጥና ትውከት ነበራት ብለሻል። ለትውከቱስ ምን ተሰጣት?" አለኝ። ቦርሳዬን ገለበጥኩት። ሳሙና፣ የቁልፍ መያዣ፣ የተቦጨቀ የክኒን እሽግ። እሽጉን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አነበበ። ባለቤቴ ቪዲዮውን አሳየው። ሃያ ሰከንድ እንኳን አላየውም። "በቃ፣ ይሄ ነው" አለ። ትከሻው ሲወርድ አየሁት። የኔም አብሮ ወረደ።

ፕላሲል የገበያ ስሟ ነው፣ መድኃኒቱ ሜቶክሎፕራማይድ ይባላል። ያመጣውን ነገር ደግሞ ሐኪሞቹ ዲስቶኒያ ይሉታል፣ ጡንቻ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሲጠማዘዝ ማለት ነው። የዓይን፣ የአንገት፣ የምላስና የመንጋጋ ጡንቻ ላይ ይበረታል። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይመጣል። ልጆችና ወጣቶችን ከትልቅ ሰው ይልቅ ያጠቃል።

ለሚጡ በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ታዘዘላት፣ ዳይፌንሃይድራሚን የሚባል። ሆስፒታሉ ውስጥ በዚያ ሰዓት አልነበረም። ባለቤቴ ወረቀቱን ይዞ በዝናብ ወጣ። ሦስተኛው ፋርማሲ ላይ አገኘው። ጫማው ውሃ ሞልቶ እየተንቋቋ ሲመለስ እስካሁን ይሰማኛል። መርፌው ቀስ ተብሎ ተሰጣት። ሰዓቴን እያየሁ ነበር፣ አሥር ደቂቃ አልሞላም። መጀመሪያ ምላሷ ገባ። አንገቷ በራሱ ዞሮ ወደኔ መጣ። ዓይኗ መጨረሻ ላይ ወረደ። ቁልቁል አየች፣ ቀና አለች፣ ደግማ ቁልቁል አየች። እየሞከረችው ነበር።

"እማ፣ ውሃ" አለችኝ።

ሐኪሙ ኋላ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የደንቢያ ልጅ ነው መሰለኝ፣ ምሳሌው ከእርሻ ነው። "ጥማድ በሬ አስቢ" አለኝ። "አእምሮ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚመሩ ሁለት ኬሚካሎች አሉ፣ አንዱ ዶፓሚን ነው፣ ሌላው አሴቲልኮሊን። በአንድ ቀንበር ነው የሚሄዱት። ፕላሲል ዶፓሚንን ይይዘዋል። ትውከት የሚያዘው ቦታ ላይ ሲይዘው ትውከቱ ይቆማል፣ ለዚያ ነው የሚሰጠው። ግን እንቅስቃሴ የሚመራውም ቦታ ገብቶ ይይዘዋል። አንዱ በሬ ሲያዝ ሌላው ብቻውን ይጎትታል፣ ሞፈሩ ይጣመማል።" መርፌውስ? "ብቻውን የሚጎትተውን ያዝ አደረገው።" ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራልኝ። ይህንን ለሁሉም እናት ልንገር ብዬ ወረቀቱን አስቀምጬዋለሁ። ሚጡ 22 ኪሎ ናት። ለልጅ ሲታዘዝ በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊግራም ነው። ለሷ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊግራም ገደማ ይመጣል። በቀን ቢበዛ በኪሎ 0.5፣ ማለትም 11 ሚሊግራም። አንዷ ክኒን 10 ሚሊግራም ናት። ግማሿ እንኳን አምስት ነው። እኔ ከረቡዕ ማታ እስከ ሐሙስ ቀን የሰጠኋት ሲደመር 30 መጣ። 30 ደግሞ ለትልቅ ሰው የቀኑ ጣሪያ ነው። የክሊኒኩ መርፌ ሳይቆጠር። ወረቀቱን አይቼ ዝም አልኩ። ሐኪሙም ዝም አለ። ቆይቶ "መጠኑ ልክ ሆኖም የሚይዘው ልጅ አለ፣ ሲበዛ ግን ዕድሉ ይጨምራል" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው፣ ግን እውነትም ነው።

አውሮፓ ውስጥ ጉዳዩ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ ጥብቅ ገደብ አውጥቷል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጭራሽ እንዳይሰጥ። ከአንድ እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ ከካንሰር ሕክምናና ከቀዶ ጥገና በኋላ ለሚመጣ ትውከት ብቻ፣ እሱም ሌላ መድኃኒት ካልሠራ። ከአምስት ቀንም እንዳያልፍ። ተራ ተቅማጥና ትውከት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህን ሳነብ ተናደድኩ። እኛ ጋ ከመድኃኒት ቤት እንደ ማስቲካ ነው የሚገዛው።

አንድ ሌሊት አስተኝተው ጠበቋት። የሚፈራው ጡንቻው ጉሮሮ ላይ ከያዘ ነው፣ ትንፋሽ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ነገር ግን ልጅ ስትተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካወጣች ደቂቃም አይጠበቅም። መርፌው ደግሞ ፕላሲሉ ከሰውነት ሳይወጣ ኃይሉ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ተመልሶ እንዳይነሳባት ለሦስት ቀን የሚዋጥ አርቴን ታዘዘላት። አርቴን የአእምሮ ሕመምተኞች ክኒን ነው ተብሎ ይታወቃል። የፋርማሲው ልጅ ወረቀቱን አይቶ "ለማን ነው?" አለኝ። ለልጄ ስለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አይዞሽ" አለ። ሳቄ መጣ። ነገሩ ግን አንድ ነው፣ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል የሚወስዱ ሕመምተኞችም እንዲሁ አንገታቸው ይጠማዘዛል፣ አርቴን የሚሰጣቸውም ለዚያ ነው። ሚጡ አፏ ከመድረቁ በቀር ደህና አለፈችው። ዓርብ ጠዋት ከንፈሯ አንዴ ወደ ጎን ሄድ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የለም።

የተቅማጡንና የትውከቱን ጉዳይ የፈታችው አንዲት ነርስ ናት፣ ያለ ምንም ክኒን። እኔ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በጥብጬ ሙሉ ብርጭቆ ነበር የምሰጣት። ስለጠማት ግጥም አድርጋ ትጠጣና ወዲያው ትመልሰዋለች። "እንደሱ ከሰጠሻት እኔም አስመልሳለሁ" አለችኝ ነርሷ። አንዱን ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጠበጠች። የሻይ ማንኪያ አመጣች። አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ደቂቃ ማረፍ፣ ሌላ ማንኪያ። ካስመለሳት አሥር ደቂቃ ጠብቆ እንደገና፣ ከበፊቱ ቀስ ብሎ። አሰልቺ ነው። ክንዴ ዝሎ ነበር። ግን አልተመለሰም። ለተቅማጡ ዚንክ በቀን 20 ሚሊግራም ለአሥር ቀን ሰጡን፣ ተቅማጡ ቢቆምም ጨርሺው ተብዬ። ትውከቱ አልቆምም ቢል ለልጅ የተሻለው ኦንዳንሴትሮን ነው አሉኝ። እሱ የሚሠራው በሌላ መንገድ ስለሆነ እንዲህ ዓይነቱን መጠማዘዝ የሚያመጣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። እሱንም ቢሆን ሐኪም በኪሎዋ ለክቶ ነው እንጂ እናቷ ከቦርሳ አውጥታ አይደለም።

ካርዷ ላይ "አለርጂ" የሚል መስመር አለ። ሐኪሙ "በትክክል ከተነገረ ይሄ አለርጂ አይደለም" አለና እዚያው መስመር ላይ "ሜቶክሎፕራማይድ እንዳይሰጣት" ብሎ ጻፈ። "ሰው የሚያነበው ይቺን ነው" አለ። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ባለሙያ ደግሞ ቢጫ ቅጽ አውጥታ ሞላች። መድኃኒት ጉዳት ሲያመጣ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላክ ነው። እኛም ራሳችን በ8482 በነፃ ደውለን መናገር እንደምንችል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አማቴ ለብዙ ቀን አላናገረችኝም ነበር፣ አፍራ ነው። ኋላ ስንት ጊዜ እንደወሰደችው ጠየቅኳት። ከፋሲካ ጀምሮ! ጨጓራዋ ባስቸገራት ቁጥር። ይህ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሲቆይ አፍና ምላስ ያለ ማቋረጥ የሚያላምጥበት፣ ክኒኑ ቢቆምም ላይለቅ የሚችል እንቅስቃሴ ያመጣል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ12 ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበታል። ሐኪም ጋ ወሰድኳት፣ ቀየሩላት። "አሁን እኔም እንደ ሚጡ ልሆን ነበር?" አለችኝ። ሳቅንና ታረቅን።

ቪዲዮው ባለቤቴ ስልክ ላይ አለ። ሊያጠፋው ሲል ከለከልኩት። አንድ ቀን ሐኪም ሊያየው ይፈልግ ይሆናል። እንቁጣጣሽ ሰሞን ሚጡ ስለ ቪዲዮው ሰምታ ካላየሁ ብላ አለቀሰች። ፈራሁ፣ ግን አሳየኋት። አንዴ አየችው። የጎን ቤቷ እማማ "ዓይን ነው" ሲሉ የሚሰማበት ላይ ሳቀች፣ "ያኔም ሰምቻቸዋለሁ" አለች። ከዚያ ምላሷን አውጥታ በመስታወት አየችው።

"እንዲህ ረዥም ነበር እንዴ?"

አዎ አልኳት። ስልኩን መልሳልኝ ሰኞ ማክሰኞ ልትጫወት ወጣች።